«ሄላ» የማን ስም ነው?

ባለፈው ዓመት ነው። ከፒያሳ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ እስኪሞላ ቁጭ ብያለሁ። ከኋላዬ ሁለት እናቶች ስለ ማኅጸን በር ካንሰር ክትባት ያወራሉ። «ልጆቹን መካን ያደርጋል አሉ» አለች አንዷ። ሌላዋ «የሰው ሥጋ አለበት ይባላል» ብላ ጨመረችበት። ዞር ብዬ ልመልስ ፈለግሁ፤ የምለው ግን አልነበረኝም። የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ እኮ! ቤት ስደርስ ደግሞ እናቴ ታናሽ እህቴን በክትባቱ ቀን ከትምህርት ቤት ልታስቀራት አስባ አገኘኋት።

ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ክትባቱ ውስጥ የሰው ሴል የለም። ከጀርባው ግን የአንዲት ሴት ሴሎች ታሪክ አለ። ሄንሪታ ላክስ ትባላለች፤ ጥቁር አሜሪካዊት፣ የአምስት ልጆች እናት። እ.ኤ.አ. በ1951 ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በዚሁ በሽታ ስትታከም ከዕጢዋ ተቆንጥሮ ተወሰደ፤ ያስፈቀዳት የለም። በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች። ሴሎቿ ግን ከስሟ መነሻ ፊደላት «ሄላ» ተብለው እስከ ዛሬ በየአገሩ ላቦራቶሪ ይራባሉ።

እንዴት ይኖራሉ? እናቴ እርሾ እንደምታቆየው ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ሴሎቹ በፕላስቲክ ዕቃ ታች ተጣብቀው፣ ስኳር፣ ጨውና አሚኖ አሲድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጥጃ ሽል ደም የሚገኝ ሴረምም ይጨመርበታል። ሙቀቱ እንደ ሰውነታችን 37 ዲግሪ ነው። ፈሳሹ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይለወጣል። ዕቃውን ሲሞሉት ትሪፕሲን በሚባል ኢንዛይም ይላቀቁና ጥቂቶቹ ወደ አዲስ ዕቃ ይዛወራሉ። ለክፉ ቀን የሚቀመጡት ደግሞ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛሉ። ጤነኛ የሰው ሴል 50 ጊዜ ያህል ተከፍሎ ያቆማል፤ ሄላ ግን አያቆምም፣ በአንድ ቀን ገደማ እጥፍ ይሆናል። (መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ለደሴ ሰው መንገር አያስፈልግም።)

እ.ኤ.አ. በ1984 የጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሃውዘን ቡድን በእነዚሁ ሴሎች ውስጥ የፓፒሎማ ቫይረስ 18ኛውን ዓይነት አገኘ። ሰውየው ቫይረሱ ይህን ካንሰር እንደሚያመጣ በማሳየቱ በ2008 ኖቤል ተሸለመ። አገራችን ክትባቱን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ነው።

እኔን የቆጨኝ የሙያችን ነገር ነው። የውጭዎቹ ጋዜጦችና መጽሔቶች ለዓመታት «ሄለን ሌን» እያሉ ሲጽፉ ኖሩ። ቤተሰቧ ራሱ ከ20 ዓመት በላይ አልሰማም። እኛስ? «ዘመቻው በይፋ ተጀመረ» እንላለን፣ የባለሥልጣኑን ንግግር እናስከትላለን፣ የተከታቢውን ቁጥር እንጨምራለን፤ አለቀ። እነዚያ እናቶች ያነሱት ጥያቄ ግን ክትባቱ ከምን ተሠራ የሚል ነው። ይህች መጽሔት ከጤና ሳይንስ ተማሪዎች ጋር ሆና አንድ ገጽ ብትከፍት ምን ይጎድልባታል?

ለእናቴ በእርሾው ምሳሌ አስረዳኋት። ሳቀችና «ለልጆቿስ ምን ሰጧቸው?» አለችኝ። ብዙ ዘመን ምንም፣ በ2023 ግን ቤተሰቡ ከአንድ ኩባንያ ጋር በስምምነት ጨረሰ አልኳት። «ዘገዩ» አለች። እህቴ ሰኞ ዕለት ተከተበች።