ወተት ሳንባን አያጥብም

በአገራችን በርካታ የሥራ ቦታዎች ለረጅም ጊዜ የቆየ አንድ ልማድ አለ። በአቧራ፣ በቀለም ወይም በኬሚካል አካባቢ ለሚሠሩ ሠራተኞች ወተት ይሰጣቸዋል፤ አለዚያም የወተት መግዣ ገንዘብ ይታሰብላቸዋል። በአንዳንድ ድርጅቶች ጉዳዩ በኅብረት ስምምነት ሳይቀር ሰፍሮ ይገኛል። ወተቱ አቧራውን «ያጥባል»፣ መርዙንም «ያረክሳል» ተብሎ ይታመናል። ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረትም ለጤና ጎጂ በሆነ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሠራተኞች ወተት እንዲሰጥ በሕግ ተደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ የእምነቱ ስፋት የእውነትነቱ ማረጋገጫ ስለማይሆን፣ ሳይንሱ ምን ይላል ብለን መጠየቁን ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

መልሱ በሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ አለ። የምንውጠውና የምንተነፍሰው ጉሮሮ ላይ መንገዳቸው ይለያያል። በምንውጥበት ጊዜ የአየር ቧንቧው አፍ በትንሽ ክዳን ስለሚሸፈን ወተቱ ወደ ጨጓራ ይወርዳል፤ አቧራው ግን ከአየር ጋር ወደ ሳንባ ገብቷል። ሁለቱ አይገናኙም። ወተት በስሕተት ወደ ሳንባ ቢገባ እንኳ የሚያስከትለው ሳል፣ ከባሰም የሳንባ ምች ነው።

ሳንባ የራሱ መከላከያ የለውም ማለታችን አይደለም። ትላልቆቹ ብናኞች በአፍንጫና በጉሮሮ ይያዛሉ። በአየር ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የሚገኙ ፀጉር መሰል ጥቃቅን አካላትም ብናኝ የያዘውን ንፍጥ ወደ ላይ ይገፋሉ። ነገር ግን ከ4 ማይክሮ ሜትር ገደማ በታች የሆኑት እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃሉ። በዚያ የሚገኙ ሕዋሳት ብናኙን ውጠው ለማስወገድ ይሞክራሉ። ብናኙ ድንጋይ ሲፈለጥና ሲፈጭ የሚወጣው ሲሊካ ከሆነ ግን ሕዋሳቱ ራሳቸው ይሞታሉ፤ በቦታውም ጠባሳ ይተካል። ይህ ጠባሳ አይድንም። የቀለም ማቅጠኛ ትነትም ቢሆን ከሳንባ በቀጥታ ወደ ደም ስለሚገባ፣ በጨጓራ ያለ ወተት አያግደውም።

ወተት ጥሩ ምግብ መሆኑን አንክድም። የካልሲየም እጥረት ያለበት ሰውነት በምግብ መንገድ የገባን እርሳስ ይበልጥ እንደሚመጥም ይታወቃል። ይህ ግን የተመጣጠነ ምግብ ጥቅም እንጂ የአቧራ መድኃኒት አይደለም።

ታዲያ ምን ይበጃል? የጥጥ ፋብሪካዎች ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። ጥጥ በሚበጠርበትና በሚፈተልበት ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ከዕረፍት ቀን በኋላ ሰኞ ሥራ ሲጀምሩ ደረታቸውን ይጨንቃቸዋል፤ በዚህም ምክንያት ሕመሙ «የሰኞ ሕመም» እስከ መባል ደርሷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሺሊንግ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በላንክሻየር ፋብሪካዎች በሽታውን በደረጃ ከፋፍለው አጠኑ። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በፈትል ክፍሎች ውስጥ የጥጥ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ200 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ደነገገች። ፋብሪካዎቹ ማሽኖቻቸውን ሸፈኑ፤ ብናኙን ከሚነሣበት ቦታ ስበው የሚያስወግዱ መሣሪያዎችንም ተከሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታው እጅግ ቀነሰ። የተለወጠው የሠራተኛው ምግብ ሳይሆን የሚተነፍሰው አየር ነበር።

የሥራ ጤንነት ሳይንስ ይህንኑ በቅደም ተከተል ያስቀምጠዋል። በመጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ፤ ካልተቻለ ጎጂውን ነገር ባነሰ ጎጂ መተካት፤ ቀጥሎ በመሸፈንና በማናፈስ ከሰው መለየት፤ ከዚያም ሠራተኛው ለአደጋው የሚጋለጥበትን ሰዓት ማሳጠር፤ በመጨረሻም ጭምብልና ጓንት ማልበስ ነው። ወተት ከአምስቱ እርከኖች በአንዱም ላይ የለም።

የልማዱ ዋነኛ ጉዳት ወተቱ አለመጥቀሙ አይደለም፤ ሁለቱንም ወገን ማዘናጋቱ ነው። አሠሪው ወተቱን ሲሰጥ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል፤ ሠራተኛውም ሲጠጣ የተጠበቀ ይመስለዋል፤ አየር ማናፈሻው ግን ሳይተከል ዓመታት ያልፋሉ። ይህን ጽሑፍ ያነበበ አሠሪ «እንግዲያው ወተቱ ይቅር» ቢል ግን ፍጹም አልተግባባንም። ሠራተኛው ያገኘው ጥቅም ሊነካ አይገባም። እኛ የምንለው አየሩ ይጽዳ ነው።

ይህ ደግሞ የችሮታ ጉዳይ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሠራተኞችን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በድሬዳዋ፣ በኮምቦልቻ ወይም በባሕር ዳር ፋብሪካዎች ኬሚስትና መሐንዲስ ሆናችሁ የምትመደቡት እናንተ ናችሁ። የትኛው ማሽን እንደሚሸፈን፣ የትኛው ኬሚካል እንደሚገዛ የሚወስነው ቃል ከእናንተ ይወጣል። ልምምዱ ግን ከዛሬ ይጀምር። በቤተ ሙከራችሁ የጋዝ መሳቢያው ይሠራልን? ዘወትር አሲድና ትነት መካከል የሚውሉት የቤተ ሙከራ ረዳቶችስ የሚጠበቁት በአየር ማናፈሻ ነው ወይስ በወተት?

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሐኪም በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ መክረዋል። እኛም «በሥራህ ቦታ የምትተነፍሰው ምንድን ነው?» የሚለውን ልንጨምርበት ይገባል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ጥያቄው መነሣት ያለበት ሳንባው ከመጠበሱ በፊት ነው።