ባነስተኛ ገንዘብ የራስን ኮምፒዩተር መገጣጠም



ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል ዘወትር የሚደጋገመው የወላጆች ጥያቄ ነው። ልጅ ለትምህርቷ ኮምፒዩተር ያስፈልጋታል፤ በእጅ ያለው ገንዘብ ግን ሱቅ ውስጥ ተገጣጥሞ ለተቀመጠው አዲስ ኮምፒዩተር አይበቃም። «በየወሩ እየከፈላችሁ ውሰዱ» የሚለው ደግሞ ወለድ አለበት፤ እርሱን እንተወው። የሚቀረው አንዱ መንገድ ዕቃዎቹን ለየብቻ መርጦ ቤት ውስጥ መገጣጠም ነው። ሥራው እንደሚወራው ከባድ አይደለም፤ አንድ ካቻቢቴና ትዕግሥት ካለ ይበቃል። ከባዱ ምርጫው ነው።

ከዕቃው በፊት ግን ሥራው ይወሰን። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ከሁሉም ይረክሳል። ሆኖም የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት ወር 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃና ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስለማይቀበል፣ ርካሽ ሆኖ የተገኘው ሁሉ ትርፍ አይደለም። ሒሳብ ለመሥራት፣ ፕሮግራሚንግ ለመማር፣ ደርስ ለመከታተል የሚሆንና ዓመታት የሚያገለግል ከተፈለገ ወደ መገጣጠሙ እንሂድ። ለዚህ ሁሉ ለብቻው የሚገዛ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም። (ወጣቶች ይቅር ይበሉንና፣ አብዛኞቹ ካርዱን የሚፈልጉት ለጌም መሆኑን እናውቃለን!)

ካርዱ ከቀረ ፕሮሰሰሩ ራሱ ምስል የሚያወጣ መሆን አለበት። በ2021 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ራይዘን 5 5600ጂ እና በ2022 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ3 12100 ለዚህ የሚበቁ ናቸው። እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ብዙ ሰው ታሳስታለች። 12100 ተብሎ መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ካለበት ምስል ማውጫ የለውም፤ የረከሰውም ለዚህ ነው። 5600 ደግሞ «ጂ» ከሌለው እንደዚያው ነው። ይህን ሳያዩ የገዙ ሰዎች ሁሉን ገጣጥመው ጨለማ ስክሪን ፊት ይቀመጣሉ።

ማዘርቦርዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር መስማማት አለበት። ለ5600ጂ መቀመጫው ኤኤም4፣ ለ12100 ደግሞ ኤልጂኤ1700 ይባላል። ቀደም ብለው የተሠሩ የኤኤም4 ቦርዶች ባዮሳቸው ካልታደሰ 5600ጂን ስለማያውቁት ሻጩን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ራሙም ቢሆን ዲዲአር4 በዲዲአር5 ቦታ ፈጽሞ አይገባም። ምስል የሚያወጣው ፕሮሰሰር ከራሙ ተበድሮ ስለሚሠራ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል። በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በጣም ስለናረ ባንድ ባለ 8 ጀምሮ ቆይቶ ተመሳሳዩን መጨመር ነውር የለውም። ለማከማቻ ባለ 500 ጊጋባይት ኤስ ኤስ ዲ ይበቃል፤ ከአሮጌ ኮምፒዩተር የተነቀለ ሃርድ ዲስክ ካለ ተጨማሪ መጋዘን ይሆናል።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚንቀው ፓወር ሳፕላይ እንምጣ። እኛም ንቀነው ተቀጥተናል። ለቤታችን ኮምፒዩተር ስንገጣጥም ጥንቃቄያችንን ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ጨርሰን ከኬዙ ጋር በነጻ የመጣውን ፓወር ሳፕላይ ተቀበልን። አንድ ምሽት መብራት ሄዶ ሲመለስ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ማዘርቦርዱም ዲስኩም አብረው ሄዱ። በዲስኩ ውስጥ የነበረው የልጃችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ስለዚህ ራም ቢያንስ ይጨመራል፣ ፕሮሰሰር ቢዘገይ ይታገሡታል፤ ፓወር ሳፕላይ ግን ሲበላሽ ሌላውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል እንላለን።

ከላይ የጠቀስናቸው ፕሮሰሰሮች ያሉበት ኮምፒዩተር 200 ዋት እንኳ አይፈጅም፤ በመሆኑም እውነተኛ 450 ዋት ከበቂ በላይ ነው። እውነተኛነቱ የሚታወቀው በትልቁ ከተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ጎኑ ላይ ካለው ሠንጠረዥ ነው። ከ12 ቮልቱ ሥር የተጻፈውን አምፔር በ12 አባዙት። 37 አምፔር ከሆነ 444 ዋት ይመጣል፣ መልካም ነው። «500 ዋት» ተብሎ 18 አምፔር ብቻ ካለው 216 ዋት ነው፤ ቀሪው የሥዕል ዋት ነው። በእጅ ሲይዙት ላባ የሚመስለውንም ተጠራጠሩ። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ከሆነ «100–240» የሚል ጽሑፍ እንዳለበት ይታይ፤ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው ደግሞ የአገራችን መብራት 220 ስለሆነ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 ይዙር። ከተረፈ ገንዘብ የመጀመሪያው ግዢ ዩፒኤስ ይሁን።

ያገለገለ ዕቃን በተመለከተ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ አንባብያን ያውቁታል። እኛም ከላይ ያለውን ብቻ አንመልከት። የማዘርቦርዱ ፒን የተጣመመ፣ ካፓሲተሩ ያበጠ እንዳይሆን ይታይ። ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኬዝና ሞኒተር ያገለገለ ቢሆን አያስፈራም፤ ፓወር ሳፕላይና ኤስ ኤስ ዲ ግን አዲስ ይሁኑ። የራሳችንን አሮጌ ዕቃ ስንሸጥም ጉድለቱን ገዢው ሳይጠይቀን መናገር አለብን።

ሶፍትዌርም አለ። በስርቆት የተቀዳ ዊንዶውስ በየሱቁ ይጫናል፤ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ግን በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የደራሲና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን ወስኗል። ገንዘብ ለሌለው ኡቡንቱና ሊብሬ ኦፊስ በነጻ ይገኛሉ፤ አማርኛም ይጻፍባቸዋል።

በመጨረሻ፣ ገንዘቡን አጠራቅሙ እንጂ ዕቃውን በየወሩ እየገዛችሁ አታስቀምጡ፤ ሳይሞከር የመቀየሪያ ጊዜው ያልፍበታል። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ገዝታችሁ በዚያው ቀን ማዘርቦርዱን በመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጡ፤ ፕሮሰሰሩን ከነማቀዝቀዣው፣ ራሙንና ፓወር ሳፕላዩን ብቻ አገናኙና ቢስሚላህ ብላችሁ አብሩት። ስክሪኑ ላይ የባዮሱ ጽሑፍ ከመጣ ወደ ኬዙ ይግባ፤ ካልመጣ ደረሰኙን ይዛችሁ ሱቁ ሳይዘጋ ተመለሱ።