የስም ዝርዝሩ አማና ነው



በሰሜን ወሎ የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ሙጃና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የገበሬው ዓይን ከሰማይ አይነሳም። የበልጉ ዝናብ ከቀረ ገብሱ ይቀራል። ገብሱ ሲቀር በጉ ይሸጣል፤ ቀጥሎም በሬው። በሬውን የሸጠ ገበሬ በመጪው ዓመት ዝናቡ ቢመለስለትስ በምን ያርሳል? የአንድ ዓመት ድርቅ ቤትን ለብዙ ዓመት የሚያደኸየው በዚህ መንገድ ነው።

ወሎ ይህን በ1965 እና 66፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ስንትና ስንት ወገን ቀብራ አይታዋለች። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የነበረው አሠራር ችግሩ ሲገባ ለጋሾችን መማጸንና እህሉ እስኪመጣ መጠበቅ ነበር። መንግሥት ከለጋሾች ጋር ሆኖ በ1997 ዓ.ም. የጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ይህን ለመለወጥ የታሰበ ነበር። ገበሬው ጥሪቱን ሳይሸጥ ክፍያው ይድረሰው፤ ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ፣ ኩሬ ቆፍሮ፣ መንገድ ጠርጎ ያግኝ፤ ጧሪ የሌለው አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ደግሞ ያለ ሥራ ይረዳ ተባለ።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንይ። ሲጀመር የአንድ ቀን ሥራ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ሲሆን ለአንድ ሰው በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰብ ነበር። እንግዲህ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 75 ኪሎ ይደርሰዋል ማለት ነው። ይሁንና በብዙ ቦታ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይዳረስ በሚል ከአንድ ቤት ጥቂት ሰው ብቻ ተመዘገበ። ሁለት ሰው ብቻ የተመዘገበለት ቤት 30 ኪሎውን ለአምስት አፍ ያካፍላል። አሳቡ ርኅራኄ ይመስላል፤ በሬውን የሚያሸጠው ግን ይኸው ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር ደግሞ በብር የተከፈለው ገበሬ ገበያ ወጥቶ የቀድሞውን ያህል እህል ሊገዛበት አልቻለም።

ከዚህ የከፋም ታይቷል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የርዳታ ድርጅት እህሉ ለችግረኛው ሳይደርስ እየተወሰደ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ ርዳታውን አቆሙ። የወሰደው ሌላ፣ ለወራት የተራበው ሌላ!

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? በሴፍቲኔቱ ደንብ የተረጂዎች ስም በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ ቅር ያለው የሚያመለክትበት የአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴም በቀበሌው ይቋቋማል። ነገር ግን ስሙ ሲነበብ በሽተኛ የምታስታምም እናት ከስብሰባው ላትገኝ ትችላለች፤ ሽማግሌውም የተጻፈውን ላያነብ ይችላል።

ፊደል የቆጠርክ ወንድሜ፣ የተማርሽ እህቴ፤ ለእነርሱ ዓይንና አንደበት ሁኑላቸው። ከቤታቸው ስንት ሰው እንደ ተመዘገበ፣ ስንት ቀን እንደ ሠሩና ስንት እንደ ተከፈላቸው አንብባችሁ ንገሯቸው። ጎረቤቱ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን የተራበ ሰው ሐቅ ሐቅ ነው። መዝገቡን የያዘም ሰው ይህን አይርሳ፤ ከዝርዝሩ አንድ ስም ሲሰርዝ ከአንድ ቤት ማዕድ ማንሳቱ ነው።