ተሰጥኦ ከሰፈር ይጀምራል፤ ደረጃ ግን በጉዞ ይገኛል፦ የኳድሪ አሩና መንገድ ምን ያሳያል?

በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በብራዚሏ ሪዮ ዴ ጄኔሮ በተካሄደው ኦሊምፒክ፣ ናይጄሪያዊው የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ኳድሪ አሩና ዝነኛውን ጀርመናዊ ቲሞ ቦልን 4 ለ 2 አሸንፎ ሩብ ፍጻሜ ገባ። በኦሊምፒክ የነጠላ ውድድር እዚህ ደረጃ የደረሰ የመጀመሪያው አፍሪካዊም ሆነ። በሩብ ፍጻሜው በኋላ ወርቁን ባጠለቀው ቻይናዊው ማ ሎንግ 4 ለ 0 ቢሸነፍም፣ አፍሪካውያን ተጫዋቾች ከዓለም ቁንጮዎች ጋር መፎካከር እንደሚችሉ አሳይቶ ወጣ።

ውጤቱ የአንድ ቀን ዕድል አልነበረም። በናይጄሪያዋ ኦዮ ከተማ የተወለደው አሩና፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን የዓመቱ ኮከብ ወንድ ተጫዋች ተብሎ ተመርጦ ነበር። በፖርቱጋልና በጀርመን ክለቦች ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከዓለም ምርጥ አሥር ተጫዋቾች ተርታ ተሰልፏል።

የዚህ ጉዞ ቁልፍ ያለው በስፖርቱ የደረጃ አሰጣጥ ውስጥ ነው። የአንድ ተጫዋች የዓለም ደረጃ የሚሰላው ባለፉት 12 ወራት ባስመዘገባቸው ምርጥ ስምንት ውጤቶች ድምር ነው። ዓመት የሞላው ነጥብ ከስሌቱ ይወጣል። በመሆኑም ችሎታ ኖሮት የማይጓዝ ተጫዋች ደረጃው እየወረደ ይሄዳል። ደረጃው ዝቅ ያለ ተጫዋች ደግሞ በትልልቅ ውድድሮች በቀጥታ የመግባት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ማጣሪያ መጫወት ወይም ገና በጅምሩ ከጠንካሮቹ ጋር መገናኘት ይጠብቀዋል። ነጥብ ለማግኘት መወዳደር፣ ለመወዳደር መጓዝ፣ ለመጓዝ ገንዘብና ቪዛ ያስፈልጋል። ብዙ አፍሪካውያን ተጫዋቾች የሚቸገሩት በዚህ ሰንሰለት ነው።

የአውሮፓ ክለብ ጥቅሙ ከደመወዝ በላይ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተጫዋቹ በውድድር ዘመኑ ከጠንካራ ተጋጣሚዎች ጋር በተደጋጋሚ ይገናኛል፤ ለብዙዎቹ ዓለም አቀፍ ውድድሮችም ቅርብ ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ ውድድሩን ወደ አገር ማምጣት ነው። ናይጄሪያ ሌጎስ ላይ ዓለም አቀፍ ውድድር ስታዘጋጅ፣ ወጣት ተጫዋቾቿ አገራቸውን ሳይለቁ ከውጭ ተጋጣሚ ጋር የመሞከር ዕድል ያገኛሉ።

ግብፅም ተመሳሳይ ማሳያ ናት። ኦማር አሳር በቶኪዮም በፓሪስም ኦሊምፒክ ሩብ ፍጻሜ ደርሷል። አሩና የከፈተው በር ከእርሱ በኋላም እንዳልተዘጋ ይህ ይመሰክራል።

ኢትዮጵያም ከዚህ መንገድ ውጭ አይደለችም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ የጠረጴዛ ቴኒስ ሻምፒዮና በአዲስ አበባ ተካሂዷል። የአህጉሩን ምርጦች በቅርብ ማየት ለታዳጊዎች ትልቅ ትምህርት ነው። ሆኖም የአንድ ሳምንት ውድድር ብቻውን ተጫዋች አያፈራም፤ ዘርም ተዘርቶ ካልታረመና ካልተኮተኮተ አዝመራ አይሆንም።

ለጅማሬው የሚያስፈልገው ነገር ከሌሎች ስፖርቶች አንጻር ጥቂት ነው። ጠረጴዛው 2.74 ሜትር ርዝመት፣ 1.525 ሜትር ስፋትና 76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ሰፊ ሜዳ አይጠይቅም፤ ዝናብና ነፋስ የማያስገባ አንድ ክፍል ይበቃዋል። በትምህርት ቤትም ሆነ በወጣት ማዕከል ሊዘረጋ ይችላል። የሚከብደው ጠረጴዛውን ማግኘት ሳይሆን በዙሪያው አሠልጣኝ፣ ቋሚ የልምምድ ሰዓትና ተከታታይ ውድድር ማኖር ነው።

ጥያቄው ለከተማም ለገጠርም ቤተሰብ የቀረበ ነው። በትምህርት ቤት ውድድር ያሸነፈች ልጅ ቀጣዩ ግጥሚያዋ ዞን ከተማ ከሆነ፣ የመሳፈሪያዋን ማን ይከፍላል? ወጪው በወላጅ ትከሻ ላይ ብቻ ከወደቀ፣ መንገዷ ከወረዳው ሳይወጣ ሊቆም ይችላል። አሩናን ለሪዮ ያበቃው ከዓመት ዓመት ያልተቋረጠ ግጥሚያ ነው። ለነገው ተጫዋችም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ በወረዳ፣ በዞንና በክልል አስቀድሞ በጀት የተያዘለት፣ ቀኑ የታወቀ የውድድር መርሐ ግብር።