ፈረስ ያደርሳል፤ ስሙ ግን የት ደረሰ?

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ከባሕር ዳር በመራዊና በዳንግላ አድርጎ እንጅባራ የሚገባ ሰው ብዙ ነው። መንገዱ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ መንገድ የሚያስኬደው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ከ80 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ማኅበር በዓሉን በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ያከብራል፤ በዓድዋ ዘመቻ ከአባቶች ጋር የዋሉትን ፈረሶችም ያስባል። ሽምጥ ግልቢያው፣ ስግሪያውና ጉግሱ አይን ያጠግባሉ።

ማታ ባሕር ዳር ተመልሶ ቡና ላይ የተቀመጠው ተመልካች ግን ምን እያለ ነው የሚያወራው? «ያ ዳማ እንዴት ሄደ!»፣ «ያችን ቦራ አይተሃታል?»፣ «አምባላዩ ዘንድሮም መጥቷል» ይላል። የጋላቢውን ስም ላያውቅ ይችላል፤ ፈረሱን ግን ከዓምናው ጋር ያስተያያል። «ስሙ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው ጨዋታው የሚቋረጠው። ስሙን የሚያውቀው ያሳደገው ገበሬ ብቻ ነው። በአደባባይ አልተጠራም፣ በመዝገብም አልሰፈረም።

ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው ይህ የሆነው ሰውን በፈረሱ ስም ሲጠራ በኖረ ሕዝብ ዘንድ መሆኑ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ነበሩ። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። «አባ ታጠቅ» ማለት የታጠቅ ጌታ ማለት ነው፤ ታጠቅ ፈረሱ ነው። ጀግና ሲፎክር ከአባቱ ስም ጋር የፈረሱን ስም ይጠራል። የትኛው ሌላ አገር ነው ንጉሡን በፈረሱ የጠራ?

ግን ስሞቹን ልብ ብሎ ያነበበ ሌላም ነገር ያያል። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ዳኘው፣ ጠቅል፤ እነዚህ የፈረሱን ጠባይ አይናገሩም። የጌታውን ሐሳብ ነው የሚናገሩት። አንዱ ሊታጠቅ፣ አንዱ ሊዳኝ፣ አንዱ ሊጠቀልል ተነስቷል፤ ፈረሱ የዓላማው አዋጅ ነጋሪ ሆኗል። ስለዚህ ስሙ ከፈረሱ ወርዶ ሰውዬው ላይ ቀረ። ፈረሱ ሲሞት ስሙ አልሞተም፤ ፈረሱ ግን ተረሳ።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ ቃኘው ነው። ቃኘው የራስ መኮንን ፈረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር በእርሱ ስም ቃኘው ሻለቃ ተባለ። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ጣቢያም ቃኘው ነበር የሚባለው። የአንድ የጦር ፈረስ ስም ከሐረር ተነስቶ የኮሪያ ተራሮች ድረስ ሄደ ማለት ነው። ቃኘው ሲባል ፈረስ በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት ሰው ግን ስንት ነው?

የጣና ገዳማት በዚህ በኩል ከቤተ መንግሥቱ የተሻለ ሠርተዋል። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶ ግድግዳውን ያየ ሰው ፈረሰኞቹን ቅዱሳን አይረሳም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ነው የሚሣሉት። ማንበብ የማይችል ምእመን ቅዱሱን የሚለየው በፈረሱ ነው። ሠዓሊው ኮርቻውን፣ ልጓሙን፣ ግላሱን ሳይቀር አስውቦታል፤ ፈረሱን የሥዕሉ መሙያ አላደረገውም።

በሌላው ዓለም የሚወደዱ ፈረሶች ታሪክ ለዚህ ትምህርት ይሆናል። በእንግሊዝና በአየርላንድ ሁለት ዓይነት የፈረስ ውድድር አለ። አንዱ የሜዳ ሩጫ ነው፤ ሌላው አጥርና ቦይ የሚዘለልበት የመሰናክል ውድድር ነው። ትልቁ ገንዘብ ያለው በሜዳው ሩጫ ነው፤ የሕዝቡ ፍቅር ግን በአብዛኛው ያለው በመሰናክሉ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሜዳው ሻምፒዮን ብዙ ጊዜ በሦስትና በአራት ዓመቱ ለዘር ተብሎ ከውድድር ይወጣል። የመሰናክል ፈረሶች ግን አብዛኞቹ የተኮላሹ ናቸው፤ ለዘር አይፈለጉም። ስለዚህ በየክረምቱ ይመለሳሉ፤ ከተመልካቹ ጋር አብረው ያረጃሉ።

ሬድ ረም የተባለውን ፈረስ እንውሰድ። እግሩ ታማሚ ነበር። አሠልጣኙ መኪና ሻጭ ሲሆን፣ በረቱም ከመኪና መሸጫው ጀርባ ነበር። ፈረሱ የሚለማመደው ሳውዝፖርት በሚባል ከተማ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ነበር። ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመትና 30 ዝላይ ያለውን የግራንድ ናሽናል ውድድር እ.ኤ.አ. በ1973፣ በ1974 እና በ1977 አሸነፈ፤ በመካከሉ ባሉት ሁለት ዓመታት ሁለተኛ ወጣ። በ1995 በ30 ዓመቱ ሲሞት የተቀበረው ሊቨርፑል አጠገብ ባለው የውድድሩ ሜዳ፣ በድል መስመሩ ዘንድ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚገርመው የተሸናፊው ዕጣ ነው። በ1973 ከአውስትራሊያ የመጣው ክሪስፕ 10 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ክብደት ተሸክሞ ውድድሩን ከሞላ ጎደል ብቻውን መራ። ሬድ ረም የደረሰበት መጨረሻው መስመር አፋፍ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያን ቀን የሚያወሳ ሁሉ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚያነሣው። የአየርላንዱ አርክል ደግሞ ከ1964 እስከ 1966 የቸልተነምን የወርቅ ዋንጫ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። የእርሱ ስምና «አየርላንድ» የሚል ቃል ብቻ የተጻፈበት ደብዳቤ በረቱ ድረስ ይደርስ እንደነበር ይነገራል።

እንግዲህ ሰው ፈረስን በፍቅር የሚያስታውሰው ስላሸነፈ ብቻ አይደለም። ተመልሶ ስለመጣ፣ ደክሞም ስላልተወ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በስሙ ስለተጠራ ነው። የእንጅባራው ዳማ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አሟልቷል። የጎደለው ሦስተኛው ነው።

«አገር በዚህ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ እያለች የፈረስ ስም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ስም የሌለው እንስሳ ጠያቂም የለውም። ባሕር ዳር ጎዳና ላይ ጋሪ የሚጎትተውን ፈረስ ማየት ይበቃል። ጀርባው በኮርቻ ቆስሎ፣ በሽታ እግሩንና አንገቱን አሳብጦት፣ አቅሙ ሲያልቅ መንገድ ዳር የሚለቀቀው ይኸው ፈረስ ነው። ዘመዱ እንጅባራ ላይ ተሸልሞ ሲጨበጨብለት እርሱን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ግራንድ ናሽናልም ፈረስ የሚሞትበት ውድድር ነው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ግን የወደቀው ፈረስ ስም ስላለው ሕዝቡ በስሙ ይጠይቃል። ተወቃሾቹ አዘጋጆችም እ.ኤ.አ. በ2024 የተወዳዳሪውን ቁጥር ከ40 ወደ 34 ዝቅ አድርገዋል። የፈረስ ስም የሚረባው ለዚህም ነው።

የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ማኅበሩ አንድ መዝገብ ይክፈት፤ የፈረሱ ስም፣ ቀለም፣ ዕድሜ፣ የመጣበት ቀበሌና የተሳተፈባቸው ዓመታት ይጻፉበት። ድምፅ ማጉያ የያዘው አስተዋዋቂ ጋላቢውን ሲጠራ ፈረሱንም ይጥራ። ያረጁት ፈረሶች አንድ ዙር ብቻ በሰላም እየተራመዱ ሜዳውን ይዙሩ፤ ያን ጊዜ ከፍተኛው ጭብጨባ ለማን እንደሚሆን ይታያል። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በዓሉን ሲያስተዋውቅ ከሺዎቹ ፈረሶች መካከል የጥቂቶቹን ታሪክ በስማቸው ይንገር። ለአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ከበዓሉ በኋላም የእንስሳት ሐኪም ይመደብ፤ የከተማው የጋሪ ፈረስም የዚያው ሐኪም ድርሻ ይሁን።

አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ተረቱ ልክ ነው፤ ድሉ የሰው ነው። ሆኖም ዓድዋ ድረስ ያደረሰውን ማመስገን ድሉን አይቀንሰውም። አባ ዳኘው እያለ የሚፎክር ትውልድ ዳኘው ራሱ ፈረስ እንደነበረ ማስታወስ አለበት። የዘንድሮውን ዳማ ስም የሚጽፍ ከተገኘ ደግሞ የዛሬ 50 ዓመት የሚወለደው ልጅ ስለ እርሱ ጠይቆ መልስ ያገኛል። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ የቀረው ብዕር የሚይዝ ሰው ነው።