ስለ ስልክና ስለ ላፕቶፕ ስክሪን ቀለም

በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ስልኮችን ጐን ለጐን አስቀምጣችሁ አንዱን ፎቶግራፍ በሁለቱም ላይ ብትከፍቱት፥ ብዙ ጊዜ ነጩ በአንደኛው ላይ ወደ ሰማያዊ፥ በሁለተኛው ላይ ወደ ቢጫ ሲያደላ ታገኙታላችሁ። ስልኮቹ ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን የተገዙ፥ ስማቸውና ዓይነታቸውም አንድ ቢሆን እንኳ ይህ ልዩነት ሊታይ ይችላል። ነገሩ ለጊዜው የጨዋታ ያህል ይመስላል። ይሁን እንጂ የዛሬ ቤተ ሰብ ንግዱንም፥ ሠርጉንም፥ የሕፃኑንም ጤና በዚሁ ስክሪን በኩል የሚያይ ሆኗልና፥ ዓይናችን በምን ያህል እንደሚሳሳትና ምክንያቱም ምን እንደ ሆነ ማወቅ ለእያንዳንዱ ቤት ይጠቅማል።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ዋጋም ነው። ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን ወረዳ የሚወጣው ዛላ በርበሬ በገበያ የሚታየው በኪሎው ብቻ አይደለም፤ ደም የመሰለው ዛላ አንድ ዋጋ፥ የነጣው ወይም የጠቈረው ሌላ ዋጋ ያወጣል። ጤፍም እንደዚሁ ነው፤ ማኛው፥ ሰርገኛውና ቀዩ አስቀድሞ የሚለዩት በዓይን ነው። ቀድሞ ገዢው ራሱ መጥቶ፥ ዛላውን በእጁ ጨብጦ፥ ድርቀቱን በድምፁ፥ ደኅንነቱን በሽታው መርምሮ ይገዛ ነበር። ዛሬ ግን የክምሩ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ከፍኖተ ሰላም ወደ አዲስ አበባ ይላክና፥ ዋጋው በስልክ የሚቈረጥበት ጊዜ አለ። እንግዲህ የሻጩ ስክሪን ቀይን የሚያደምቅ፥ የገዢው ደግሞ የደበዘዘ ቢሆን፥ ወይም ነገሩ በተቃራኒው ቢሆን፥ ጭነቱ ሲደርስ አንዱ «አታለልኸኝ» ይላል፤ ሌላው «እኔ ያየሁትን ነው የላክሁት» ብሎ ይምላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሲሆን ጠቡ ግን በመካከላቸው ይቀራል።

ስለ ምን እንዲህ ይሆናል? የስክሪኑ ፊት ሲታይ አንድ ልሙጥ መስታወት ይመስላል እንጂ፥ በውስጡ እጅግ ደቃቃ በሆኑ ነጥቦች የተሞላ ነው። ወርዱ 1080፥ ቁመቱ 2400 ነጥብ የሆነ ስልክ 2,592,000 ነጥቦች አሉት። ቀለሙ ሁሉ የሚሠራው በእነዚህ ነጥቦች ውስጥ ካሉት ከቀይ፥ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ነው። ሦስቱ በልክ ሲበሩ ነጭ ይታያል፤ ሦስቱም ሲጠፉ ጥቁር ይሆናል፤ ቀይና አረንጓዴ ብቻ ሲበሩ ዓይናችን ቢጫ ያያል። ይህን የሦስት ብርሃን ጥበብ በፎቶግራፍ ያሳየው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የተባለ የስኮትላንድ ሊቅ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1861 በለንደን ከተማ፥ በሦስት የቀለም ማጣሪያ በኩል በየተራ የተነሣውን የአንድ ኅብረ ቀለም ጥብጣብ ሦስት ፎቶግራፍ በብርሃን አንድ ላይ አጋጥሞ፥ የጥብጣቡን መልክ በተመልካች ፊት አሳየ። እንግዲህ ከሦስቱ ብርሃኖች አንዱ ጥቂት ቢደክም ወይም ጥቂት ቢበረታ፥ ነጩ ሁሉ መልኩን እንደሚለውጥ ከዚህ ይታወቃል።

ኤልሲዲ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ነጥቦቹ የራሳቸው ብርሃን የላቸውም። በብዙዎቹ ስልኮችና ላፕቶፖች ላይ ትንንሽ መብራቶች በጠርዙ ተተክለው፥ ብርሃናቸው በአንድ ቀጭን ገጽ በኩል ከኋላ ይሰራጫል። እነዚህ መብራቶች በመሠረቱ ሰማያዊ ናቸው፤ ነጭ የሚያስመስላቸው በላያቸው የሚደረገው ብርሃን ለዋጭ ዱቄት ነው። የዱቄቱ መጠን ጥቂት ሲለያይ ነጩም ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ብርሃኑም እኩል ካልተሰራጨ አንዱ ጠርዝ ይደምቃል፥ ሌላው ይደበዝዛል። በጨለማ ክፍል ጥቁር ሥዕል በላፕቶፕ ላይ የከፈተ ሰው በማዕዘኖቹ ላይ ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ሲሾልክ ሊያይ ይችላል፤ ክፈፉ ስክሪኑን በሚጫንበት ቦታም ይህ ይብሳል።

ኦሌድ የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት ነጥቦቹ ራሳቸው የሚያበሩ ናቸው። ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ነው፤ ነገር ግን ነጥቦቹ እንደ ሻማ እያበሩ ያረጃሉ፤ ከሦስቱም ሰማያዊው ቀድሞ ይደክማል። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚቆም ምልክት በስክሪኑ ላይ እንደ ጥላ ሆኖ የሚቀረው ስለዚህ ነው። ውድ ዕቃም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ፒክስል 2 ኤክስኤል የተባለው ስልክ ዘንበል ሲደረግ ሰማያዊ ይሆናል፥ የምልክቶችም ጥላ ይቀርበታል ተብሎ ብዙ ቅሬታ ስለ ተነሣበት፥ ኩባንያው በዚያው ዓመት ዋስትናውን ወደ ሁለት ዓመት አራዝሟል።

ከዚህም ሌላ፥ አንድን የስልክ ዓይነት የሚያወጣ ኩባንያ ስክሪኑን ከሁለት ወይም ከሦስት ፋብሪካ ሊገዛ ይችላል። ስለዚህ የወንድማማች ስልኮች መልክ ይለያያል። ስክሪኑ ተሰብሮ በጥገና ሱቅ ሲቀየርማ ልዩነቱ የባሰ ነው፤ ኦሌድ በነበረበት ርካሽ ኤልሲዲ የሚገባበት ጊዜ አለና።

በአገራችን ቁና ከቦታ ቦታ ይለያይ ስለ ነበር፥ በአንዱ ገበያ አንድ ቁና የተባለው እህል በሌላው ገበያ ሲሰፈር ይጐድል ወይም ይተርፍ ነበር። ኪሎ ሲመጣ ክርክሩ ቀለለ። ለስክሪን ቀለምም እንዲሁ ያለ መስፈሪያ ተሠርቶለታል። ኤስአርጂቢ የሚባለው ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1996 በሂውሌት ፓካርድና በማይክሮሶፍት ኩባንያዎች ቀርቦ በ1999 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ነጭ ሲባል ምን ዓይነት ነጭ እንደ ሆነ፥ ቀይም ምን ዓይነት ቀይ እንደ ሆነ በቍጥር ይወስናል። ነገር ግን ኪሎ ቢኖርም ሚዛኑ ካልተስተካከለ ምን ይጠቅማል? ስክሪን ሁሉ በዚህ ደንብ ተመዝኖ አይወጣም፤ አያሌ ስልኮችም ገዢውን ደስ እንዲያሰኙ ሲባል ቀይንና አረንጓዴን አብዝተው እንዲያሳዩ ሆነው ይሸጣሉ።

ጥፋቱን ሁሉ በስክሪን ላይ መጣልም አይገባም። ካሜራው ራሱ የብርሃኑን መልክ ገምቶ ያስተካክላልና ይሳሳታል። በገበያ ቀን በሰማያዊ ወይም በቢጫ ሸራ ጥላ ሥር የተነሣ በርበሬ የሸራውን መልክ ይዞ ይሄዳል። የሰው ዓይንም እንዲሁ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ከስኮትላንድ የወጣ የአንድ ቀሚስ ፎቶግራፍ በዓለም ላይ ብዙ ሰው አከራክሯል፤ እኩሌቶቹ ነጭና ወርቃማ ነው ሲሉ፥ እኩሌቶቹ ሰማያዊና ጥቁር ነው አሉ። ባልና ሚስት አንዱን ስክሪን አብረው እያዩ እንኳ አልተስማሙም። ቀሚሱ በእርግጥ ሰማያዊና ጥቁር ነበር።

ይህ ለእኛም ቤት ሩቅ ነገር አይደለም። ለጥር ሠርግ የሙሽራዪቱንና የሚዜዎቹን ቀሚስ ጥለት ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ ከሽሮ ሜዳ በስልክ መምረጥ ዛሬ የተለመደ ነው። ክሩ ሲመጣ የተመረጠው ወይን ጠጅ ቡናማ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡም ጊዜውም አለፈ ማለት ነው። ትንሽ ቍራጭ ክር በመንገደኛ እጅ ማስላክ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

የብራና መጻሕፍትን የሚያውቁም ይህን ነገር በሌላ መንገድ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት የተነሡት አያሌ መጻሕፍት በጥቁርና ነጭ ፊልም ስለ ተነሡ፥ በቀይ የተጻፉት ቅዱሳን ስሞች በፊልሙ ላይ ቀይነታቸው ጠፍቷል። ዛሬ በቀለም የሚያነሡ ባለሙያዎች ከቅጠሉ አጠገብ የታወቁ ቀለሞች ያሉበትን ሰሌዳ አብረው ያነሣሉ፤ የሚያየው ሰው ሰሌዳውን አይቶ የቀረውን ያመዛዝን ዘንድ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሕፃናት ነገር ነው። አንዲት አራስ በገጠር ቀበሌ ሆና፥ ቡሬ ለምትኖር ታላቅ እኅትዋ የሕፃኑን ፎቶግራፍ ልካ «እታለም፥ ዓይኑ ቢጫ ሆነብኝ» ብትላት፥ የእኅትዋም ስክሪን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቢሆን፥ «አይዞሽ፥ ምንም የለበትም» ልትላት ትችላለች። በዚህ ስፍራ ስሕተቱ የክር ወይም የበርበሬ አይደለም። በአራስ ሕፃን ላይ የሚታይ ቢጫነት ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጀምሮ የሚያልፍ ነው፤ ሆኖም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የታየ፥ ወደ እጅና ወደ እግር የወረደ፥ ወይም ሕፃኑን ጡት የሚያስተወውና የሚያደነዝዘው ሲሆን አደገኛ ነው፤ ሳይታከም ከበረታ አንጎልን ይጐዳል። በጠይም ቆዳ ላይ በዓይን መለየቱ እንኳ አስቸጋሪ ነውና በፎቶግራፍ መፍረድ ፈጽሞ አይገባም። ቍርጡ የሚታወቀው በጤና ተቋም በሚደረግ ምርመራ ነው። ሕክምናውም ራሱ በብርሃን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የእንግሊዝ ሐኪሞች ብርሃን ይህን ቢጫነት እንደሚቀንስ ጽፈዋል፤ ዛሬም በሆስፒታል ለዚሁ በተሠራ ሰማያዊ መብራት ሥር ሕፃናት ይታከማሉ። የስልክ ብርሃን ግን ይህን አይተካም። ስለዚህ እናቶች ሆይ፥ ሕፃኑን እንጂ ፎቶግራፉን አትላኩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱ።

ለቀረው ጉዳይ የሚከተለው ምክር ይበቃል። አንደኛ፥ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ስትገዙ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ፍጹም ነጭ፥ ቀጥሎም ግራጫ፥ ቀጥሎም ጥቁር ሥዕል ከፍታችሁ ጠርዝና መካከሉን አስተያዩ፤ እድፍ የመሰለ ነገር ወይም የመልክ ልዩነት ካለ ሌላ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፥ ቀለም ለመለየት ስትፈልጉ ስክሪኑን ለማታ ቢጫ የሚያደርገውንና ቀለም የሚያደምቀውን አሠራር አጥፉ፤ ብርሃኑን መካከለኛ አድርጋችሁ ፊት ለፊት ተመልከቱ። ሦስተኛ፥ በርበሬም ሆነ ጨርቅ ስታነሡ ከሸራ ጥላ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን፥ አጠገቡም ነጭ ወረቀት አኑራችሁ አንሡ፤ ወረቀቱ ቢጫ መስሎ ከታየ በርበሬውም መልኩን ለውጧል ማለት ነው። አራተኛ፥ ዋጋ የሚቈረጥበት ነገር ሲሆን ናሙና ይቅደም፤ ስምምነቱም በናሙናው እንጂ በፎቶግራፉ እንዳይሆን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስክሪን ሩቁን የሚያቀርብልን መልካም መልእክተኛ ነው፤ መልእክተኛ ግን ቃል ሊለውጥ ይችላል። አስተዋይ የቤት አባትና የቤት እመቤት መልእክቱን ሰምተው ሳያጣሩ አይፈርዱም፤ በተለይም ፍርዱ በጐረቤት ስም፥ በዓመት ልፋት ወይም በሕፃን ሕይወት ላይ ሲሆን።