ዘሩን እየበላነው ነው

እኩዮቼ፣ ጸጉራችን የሸበተው በዋርድና በመማሪያ ክፍል መካከል ስንመላለስ ነው፤ ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልናገር። አደጋ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምናቆመው ማስተማርን ነው። ይህን ልማድ ካልሰበርነው ከእኛ በኋላ አደጋውን የሚመክት ሐኪም አይኖርም።

እዚህ ሀዋሳ ላይ ተቀምጠን አደጋን እንደ እንግዳ ልናየው አንችልም። ሐምሌ 11 ቀን 2011 በክልልነት ጥያቄው ሰበብ ከተማችን የገባችበትን ጭንቅ አንረሳውም። በ2012 ኮቪድ መጣ። በሐምሌ 2016 የጎፋ መሬት ተንሸራቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ቀበረ። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 በሲዳማ ቦና ዙሪያ አንድ የጭነት መኪና ወንዝ ገብቶ 71 ሰዎች አለቁ፤ ከመካከላቸው ሠርገኞች ነበሩበት። በኅዳር 2018 ደግሞ ጂንካ ላይ ማርበርግ መግባቱ ታወጀ። በየዓመቱ የሚመጣን ነገር ድንገተኛ እያልን እስከ መቼ እንጠራዋለን?

ኮቪድን አስታውሱ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፣ በቀናት ውስጥ ትምህርት ተዘጋ፣ ተማሪዎቻችን ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። መዝጋቱ ልክ ነበር፤ የመጣብንን አናውቀውም ነበርና። ልክ ያልሆነው ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነው። የትምህርት ዘመኑ ታጠፈ፣ ያመለጠው ትምህርት በጥድፊያ ተሸፈነ። ሌክቸርን ማፍጠን ይቻላል። ተማሪ በእጁ ያልዳሰሰውን ጉበት፣ በጆሮው ያልሰማውን የልብ ድምፅ ግን በምን እናካክሰዋለን?

በአንድ ኮሌጅ ስብሰባ ላይ ያየሁት አሁንም ያንገበግበኛል። የጠዋቱ ጊዜ በሙሉ በኦክስጅን፣ በጄኔሬተር ነዳጅ፣ በጓንትና በተረኛ እጥረት አለቀ። የአምስት ዓመቱ ዕቅድ የመጨረሻው አጀንዳ ነበር፤ «ለሚቀጥለው ይተላለፍ» ተባለ። በሚቀጥለውም ተላለፈ። ኦክስጅኑ መቅደሙ ትክክል ነው፤ ሰው ይሞታልና። ነገር ግን ኦክስጅኑንም ዕቅዱንም የያዘው ያው አንድ ዲን ነው፣ ያው አንድ ሰው። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ትምህርት ቤት ውሎ አድሮ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ይበላል፤ ዘራችን ደግሞ እነዚህ ልጆች ናቸው።

ይህ አስቸኳዩን ብቻ የማስቀደም ችኮላ ከእኛም በላይ፣ እስከ አገር ደረጃ ደርሶ ያውቃል። የሐኪም እጥረቱ እውነተኛ ቀውስ ነበር። በ2004 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ፣ ነባሮቹም ቅበላቸውን አበዙ። አስተማሪውና አልጋው በዚያው ልክ አልበዙም። አንዱን ታማሚ ከብበው የቆሙትን ተማሪዎች ሁላችሁም አይታችኋል፤ ከኋላ ያለው የሚያየው የጓደኛውን ነጭ ጋውን ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ ሥራ ያጡ ሐኪሞች ጩኸት ተሰማ። አስቡት፣ ሐኪም በጎደለው አገር ሐኪም ሥራ ፈታ! ለአንዱ ቀውስ የተቸኮለበት መላ ሌላ ቀውስ ወለደ።

አባቶቻችን እንዲህ አላደረጉም። በ1945 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር አጠገብ ያለውን የደምቢያ ሜዳ ወባ ፈጀው፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ያኔ መድኃኒት አድሎ መመለስ ይቻል ነበር። በ1947 ግን የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን ሆነው ገጠር ወርደው እየሠሩ እንዲማሩ ተደረገ። ወረርሽኙ ራሱ መማሪያቸው ሆነ። ተማሪውን ከአደጋው አላራቁትም፣ ትምህርቱንም ለአደጋው አልሠዉትም። ያ የቡድን ሥልጠና እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። አደጋውን የሚመራውና ትምህርቱን የሚጠብቀው ሰው ይለያይ፤ ሁለተኛውን ለአስቸኳይ ሥራ መጥራት ይከልከል። በአደጋ ጊዜ የማይነካ የራውንድ ሰዓት በጽሑፍ ይወሰን፣ ጥቂትም ቢሆን። በአደጋው የሚሰማሩ ኢንተርኖች በሲኒየር ሥር ሆነው ይሥሩ፣ የሠሩትም እንደ ትምህርት ይመዘገብላቸው። እኛ ጡረታ ከመውጣታችን በፊት ይህ በሚቀጥለው የአካዳሚክ ኮሚሽን ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ ይሁን ብላችሁ ጠይቁ። እንደገና ይተላለፍ ከተባለ ማን እንዳስተላለፈው፣ እስከ የትኛው ቀንም እንደሆነ በቃለ ጉባኤው ላይ አስጽፉ።